የጋሽ ደቂቃ ሁለት መቶ አርባ

ጨለማ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ጊዜን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም። ጋሽ ደቂቃ የሚያውቀው በምላሱ ሥርና በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ነበር። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከራጅ ማንሻው አጠገብ ባለችው መስኮት አልባ ክፍል፣ ቀይዋን ትንሽ መብራት አብርቶ፣ ፊልሙን ዲቨሎፐር በሚሉት ውሃ ውስጥ ይነክርና ቆጠራውን ይጀምራል። ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አርባ። ጣቱ ጫማው ውስጥ ትመታለች፣ ቁጥሩ ምላሱ ሥር ይሄዳል፣ አፉ ግን ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰው ትዳር እንደ ልቡ ያወራል። ሁለት መቶ አርባ ላይ ሲደርስ ወሬውን እመሃል ላይ ቆርጦ ፊልሙን ያወጣል። አራት ደቂቃ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ፊልሙ ይነጣል፣ ከበለጠ ይጠቁራል፤ በሁለቱም ቢሆን የታማሚው ደረት ውስጥ ያለው ነገር አይነበብም።

"ጋሽ ደቂቃ" ያሉት ለዚህ ነው። የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ደሞዝ የሚጽፈው ክፍል ብቻ ነበር። አንዲት አዲስ ነርስ በዚያ ስም ብትጠራው ሌላ ሰው የጠራች መስሎት፣ ግራና ቀኝ አይቶ አልፏት ሄዷል።

ሲቀጠር ግድግዳው ላይ ደወል ያለው ሰዓት ነበር። ያኔ ክፍሉን የያዘው፣ ሁሉም "አሮጌው" የሚሉት ሰውዬ፣ ሰዓቱን በጨርቅ ይሸፍንና "ቁጠር" ይለዋል። ይቆጥራል። ጨርቁን ገለጥ አድርጎ "ገና ነህ" ይለዋል። ሦስት ወር ሙሉ ገና ነህ። አንድ ቀን እሱ ሁለት መቶ አርባ ሲልና ደወሉ ሲጮህ አንድ ሆነ። በማግስቱም እንዲሁ። አሮጌው ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና "ደምህ ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ የትም አይሄድ" አለው። አሮጌው ብዙ ነገር ያውቅ ነበር፤ ይቺን ግን አላወቃትም።

ሰዓቱ የፊልም ማጠቢያው መድኃኒት እንፋሎት በልቶት በሦስተኛው ዓመት ዛገ፤ ቆጣሪዎቹም ረገፉ። የእጅ ሰዓትም ያ ክፍል አይወድም፣ በወሩ ይገድለዋል። የግዥ ክፍሉ ሦስት ጊዜ "አዲስ እንግዛልህ ወይ?" ብሎ ጠይቆት ሦስቱንም ጊዜ የመለሰው ራሱ ነው። "ለእኔ ነው ሰዓት? ይልቅ የሽንት ቤቱን በር አስጠግኑበት" አለ። በሩ ተጠገነ። ኩራት ክፉ ነው የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚኮሩበት ያጡ ናቸው። ጋሽ ደቂቃ ኮርቶ ነበር፤ ደግሞም ይገባው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ፊልሞቹ መጥቆር ሲጀምሩ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያለው የደረት ሐኪም፣ መነጽሩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ዶክተር፣ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ ፊቱን አጨፍግጎ "ጨልሟል" አለ። ምክንያት ለመስጠት ማን ይሰንፋል? አንዱ "አዲሱ የመድኃኒት በርሜል ነው" አለ። ሌላው "የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ እያለ ነው" አለ። ጋሽ ደቂቃ ራሱ የውሃውን ሙቀት የሚለካውን ቴርሞሜትር ጠርጥሮ ለወጠው። ራጅ አንሺዋ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ የሆነ ፈጣን ልጅ፣ ማንንም ሳታማክር የማሽኑን ኃይል አንድ እርከን ዝቅ አደረገችው። ፊልሙ ተስተካከለ። ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ጠቆረ፤ እንደገና ዝቅ አደረገችው፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን እየሄደ ያለው ምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ ጋሽ ደቂቃን ጉንፋን ጣለውና አንድ ሳምንት ቤቱ ዋለ። ፊልሙን ያጠበችው ራጅ አንሺዋ ነበረች፣ ሰዓቷን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ድፍን አራት ደቂቃ እየያዘች። ፊልሞቹ ሁሉ ውሃ እንደበዛበት ወተት ነጥተው ወጡ። ዶክተሩ "ሰውዬው እስኪመለስ ካልቸገረ በቀር አትላኩልኝ" አለ። ጋሽ ደቂቃ በሳምንቱ ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ያገኘው ሁሉ "ያለ እርስዎ እኮ ሆስፒታሉ ዓይኑ ጠፋ" ይለዋል። "ኧረ ተዉ፣ እኔ ምን አደረግሁ" እያለ፣ እግሩ ግን መሬት አይነካም ነበር። ምስጋናው ራሱ ማስረጃ መሆኑን ከመሃላቸው አንድም ሰው አላየም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ሰው ግን ዝም ብሎ ነበር። ራጅ አንሺዋ ሰዓቷ ልክ እንደሆነ ታውቃለች።

በዓመት አንድ ጊዜ ማሽኑን ሊያይ የሚመጣው ቴክኒሻን ፊቱ የማይፈታ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ግማሽ ቀን ሲፈታና ሲገጥም ዋለና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ማሽኑ ጤነኛ ነው። እናንተ ግን ከማሽኑ የኃይል ሰንጠረዥ ሦስት እርከን አውርዳችሁ ነው የምትሠሩት። በዚህ ኃይል ፊልሙ ነጥቶ መውጣት ነበረበት። ካልነጣ ውሃው ውስጥ እያቆያችሁት ነው" አለ።

"ማን ነው የሚያቆየው?" አለ ጋሽ ደቂቃ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወውና በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የጨለማ ክፍሉን ቁልፍ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "በአሥር ሰከንድ ካለፍኩ ይሄን ቁልፍ መልሼ አልነካም" አለ። ቁልፉን አስይዝ ያለው ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የያዘውን ስም ነበር አብሮ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው።

ወንበር ስበው አስቀመጡት። ዓይኑን ጨፈነ። ራጅ አንሺዋ ሰዓቷን ይዛ "ይጀምሩ" አለች። ጣቱ ጫማው ውስጥ መምታት ጀመረች። መቶ ላይ ሲደርስ ይቅርታ ሲጠይቁት ምን ብሎ እንደሚመልስላቸው ያስብ ነበር። ሁለት መቶ ላይ ይቅር ብሏቸዋል። "በቃ" ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ሁለቱም የሚያዩት ሰዓቱን እንጂ እሱን አልነበረም።

"ስንት ነው?"

"አምስት ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ" አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ።

"ሰዓትሽ ይሮጣል።"

በቴክኒሻኑ ስልክ ተደገመ፤ አምስት ደቂቃ ከስድስት። በኮሪደሩ የግድግዳ ሰዓት ተሠለሰ፤ አምስት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት። ጋሽ ደቂቃ ክው አለ። ቴክኒሻኑ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተፈታ። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ቆጠራዎ አልተበላሸም" አለው። "የተበላሸ ቆጠራ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። የእርስዎ ሦስቴም አንድ ነው። ዝም ብሎ ረዝሟል። እኔ በዚህ ሥራ ብዙ መሣሪያ ለክቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።" ወደ ልጅቷም ዞሮ "እስኪ አንቺ ቁጠሪ" አላት።

እሷ ዓይኗን ጨፍና ስትጀምር ጋሽ ደቂቃም ሳያስበው በሆዱ ጀመረ። ሁለቱ በአንድ ቃል ተነሡ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ አየር። እሱ መቶ ሰባ ዘጠኝ ላይ ሳለ ልጅቷ "በቃ፣ ሁለት መቶ አርባ" አለች። ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ከአምሳ አንድ ሰከንድ ይላል። ጋሽ ደቂቃ ቀና ብሎ አያት። ደርሳ ቆማለች። እሱ ገና መንገድ ላይ ነው፤ አንድም ቁጥር አልዘለለም፣ አንድም ጊዜ አላረፈም፣ ሆኖም ገና ነው። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ስንት ጊዜ ነው "ዘንድሮ ጊዜው ሮጠ" ያለው? ጠጉሩን ተቆርጦ ሳይጨርስ እንደገና ያድጋል። ሰኞ ብሎ ሳይጨርስ አርብ ይመጣል። የዘመን መክፋት፣ የዓለም መቻኮል ይመስለው ነበር፣ ለሰውም እንደዚያ ብሎ አስረድቷል። ዓለም ምንም አልቸኮለችም። ያዘገመው እሱ ነው፣ ያውም ሳይደናቀፍ፣ ማንም ሳይሰማ፣ በገዛ ደሙ ውስጥ። ሐፍረቱን የሚበልጥ ነገር ደረቱን ሞላው፤ ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርገው ድምፁ ዝቅ አለ። "እንዲህም አለ?" አለ ለራሱ።

ቴክኒሻኑ "ደወል ያለው ሰዓት ይገዛ" ብሎ ወረቀቱ ላይ ጽፎ ሄደ። ልጅቷ በሩን ዘጋችና፣ "ጋሼ፣ እኔ ማሽኑን ወደ ሰንጠረዡ እመልሰዋለሁ። ሰዓቱ ይመጣል። የተጻፈው ይሄ ብቻ ነው፣ ማንም ምንም አያውቅም። ቁልፍዎን ይውሰዱ" አለችው።

"ያለፈውስ?"

"የቱ ያለፈው?"

"ጠቁሮ የወጣው ነዋ። ዶክተሩ መስኮት ላይ ለጥፎ 'ምንም የለም' ብሎ የሸኘው ሰው።"

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ሰዓቷ መለሰች። ጋሽ ደቂቃ "ሰዓትሽን እስከ ነገ አውሽኝ" አላትና ቁልፉን እጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ቤቱ የምትጠብቀው እናቱ ናት። ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ሁለት ሆነው ነው። ጠዋት ወንበሯን በሩ አጠገብ ያደርግላታል፣ ምሳዋን ሸፍኖ ይተውላታል፣ ማታ ሲመለስ ልቡ እየወቀሰው ይሮጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ብቻዋን የተቀመጠች አሮጊት እንዴት ትውላለች እያለ ስንት ጊዜ እንቅልፍ አጥቷል። እሷ ግን በገባ ቁጥር የምትለው አንድ ነው፤ ዛሬም አለችው።

"ምነው፣ ምን ረስተህ ተመለስክ? አሁን አይደል እንዴ የወጣኸው?"

ይህን ንግግር ሲሰማ አንድ ቀን አሽሙር፣ አንድ ቀን እርጅና ይመስለው ነበር። እርጅና እንዳይል ደግሞ አእምሮዋ እንደ ምላጭ ነው፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የተወለደበትን ቀን በቃሏ ታውቃለች። ዛሬ ኮቱን ሳያወልቅ እግሯ ሥር ባለችው ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጠ።

"እማዬ፣ እስኪ እስከ ስልሳ ቁጠሪልኝ። ሰዓት እንደሚሄደው፣ ሳትቸኩዪ፣ ሳትዘገዪ።"

"ጤና የለህም?"

"ቁጠሪ ግዴለሽም።"

ቆጠረችለት። ጉልበቷን በሌባ ጣቷ መታ እያደረገች፣ ድምፅ አውጥታ። አንድ። የጎረቤት ውሻ ጮሆ ዝም አለ። ሁለት። ጋሽ ደቂቃ የተዋሰው ሰዓት ላይ አፈጠጠ። በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት መካከል መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው በበሩ በኩል ታይቶ በመስኮቱ በኩል ጠፋ። ፊቷ ላይ መዘግየት የሚባል ነገር የለም፤ እንደ ማንኛውም ሰው እየቆጠረች ነው። ስልሳ ስትል ሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ አራት ሰከንድ ቀርቶት ነበር።

"ስንቱን ሳትኩ?" አለችው።

"አንዱንም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው ዓይንህ የቀላው?"

ሁሉንም ነገራት። ቆጠራውን፣ ልጅቷን፣ ቁልፉን። የእሷ አንድ ደቂቃ የሰዓቱን ሁለት እንደሚያህል፣ እሱ ሲሄድ የሚጨነቅበት ዘጠኝ ሰዓት ለእሷ አምስት ሰዓት እንኳ እንደማይሞላ ነገራት። እናቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች፤ ረዘም ያለው ግን ለማን እንደሆነ ጋሽ ደቂቃ ከእንግዲህ እርግጠኛ አይደለም።

"ለካ ለዚህ ኖሯል" አለች በመጨረሻ። "ሕፃን ሳለህ 'ቆይ አንዴ' ስልህ መሬት ላይ ተንከባልለህ የምታለቅሰው። ባለጌ ልጅ ወለድኩ እል ነበር፣ ገርፌህም አውቃለሁ። የእኔ አንዴ ላንተ ግማሽ ቀን ነበራ።" እጇን ራሱ ላይ አሳረፈች። "ይቅር በለኝ ልጄ።"

አምሳ ስምንት ዓመቱ የሆነ ሰው ለሕፃንነቱ ይቅርታ ሲጠየቅ ምን ይላል? በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጊዜ ይዘው እንደሚኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ ዕድሜ ልክ አብሮ እንደሚበላ፣ ሲያስበው ዙሪያው ሁሉ አዲስ ሆነበት።

"ፊልሙስ?" አለችው እናቱ። "ያ ሁሉ የሰው ደረት አይደል?"

"ነው። ብናገር ግን ስሜ ይጠፋል እማዬ።"

"ስምህን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፣ እሱ የትም አይሄድም። የሚጠፋው ቅጽል ስምህ ነው።"

ጠዋት በቀጥታ ሁለተኛ ፎቅ ወጣ። ዶክተሩ ሲሰማው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ስንት ጊዜ ጨልሟል አልኩ?" አለ።

"ብለዋል ዶክተር። ሁሉም በየፊናው ምክንያት አገኘለት። እኔንም ጨምሮ።"

"አሁን ለማን ብለው ነው የሚነግሩኝ? ሰዓቱ መጥቶ ነገሩ ይዘጋ አልነበር?"

"እዚያ መደርደሪያ ላይ ላሉት ሰዎች ብዬ ነው።"

ዶክተሩ ተቆጥቶ ነበር፣ ከቁጣው ግን ሥራው በለጠበት። አምስት ቀን ሙሉ ሁለቱ መጥቆሩ ከጀመረ ወዲህ ያለውን የአሥራ አራት ወር ፊልም ከመደርደሪያ እያወረዱ መብራቱ ላይ እየሰቀሉ አዩት። የሚያጠራጥረውን ለዩ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆነ። ራጅ አንሺዋ ለእያንዳንዱ ደወለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ወሬው በአንድ ቀን አዳረሰ፤ ኮሪደሩ ላይ "ዓይናችን" ሲሉት የነበሩት አሁን ሲያልፍ ስልካቸውን ይመለከታሉ። ጋሽ ደቂቃ አንገቱ ቀሎት፣ ያለ ቁልፉ ይመላለስ ነበር።

የመጡት አንድ በአንድ ራጅ ተነሡ፤ ፊልማቸውን ልጅቷ በአዲሱ የደወል ሰዓት አጠበችው፤ ንጹሕ ሆኑ። አሥራ ሁለተኛዋ የልብስ ስፌት የምትሠራ ሴት ነበረች፣ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯን እንዳጠለቀች የመጣች። ከሥራ መነሳቷ አናድዷታል።

"ንጹሕ ነሽ ተብዬ አልነበር እንዴ? ሳሌም ጉንፋን ነው ተብሏል" አለች።

"የእኔ ጥፋት ነው እህቴ" አለ ጋሽ ደቂቃ።

"ምን አጥፍተህ?"

"ቆየሁ።"

ሴትየዋ ምንም አልገባትም፤ ሆኖም አነጋገሩን አይታ ብስጭቷን ተወችና ገባች። ልጅቷ ያልታጠበውን ፊልም ብርሃን በማያስገባ ሳጥኑ ይዛ ስትወጣ ዶክተሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከነጩ ጋውኑ ኪስ ያን ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቁልፍ አውጥቶ ለጋሽ ደቂቃ ዘረጋለት። "ይሄኛውን እርስዎ ይጠቡት። ግን በደወሉ" አለው።

ቀይዋን መብራት አበራ። ሰዓቱን አራት ደቂቃ ላይ ሞላው፣ ፊልሙን ነከረ። አልቆጥርም ብሎ ነበር፤ ጣቱ ግን የማንንም ፈቃድ አትጠይቅም። ቁጥሩ ምላሱ ሥር ሄደ፣ እንደ ድሮው ለስላሳ፣ እንደ ድሮው እርግጠኛ። መቶ ሰማንያ ስድስት ላይ ደወሉ ጮኸ።

መላ ሰውነቱ ገና ነው አለው። ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ ደም፣ ክንዱ፣ ትከሻው፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይነጣል፣ አታውጣው አሉት። ይሄን ድምፅ በሕይወቱ አንድ ቀን እምቢ ብሎት አያውቅም። ፊልሙን አወጣው።

አለቀለቀው፣ ምስሉን የሚያጸናው ፊክሰር በሚሉት ውሃ ውስጥ ከተተው፣ ጊዜውን ጠብቆ ወደ መብራቱ አነሳው። ደረቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል፣ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከቀኝ ትከሻ በታች፣ በሁለት አጥንቶች መካከል፣ ምስር የምታህል ፈዛዛ ነጭ ነገር አለች። ፊልሙ ሲጠቁር የምትሰጥም ዓይነት ናት።

በሩን ከፍቶ ዶክተሩን ጠራው። ዶክተሩ ፊልሙን ከነውሃው ወደ ብርሃን ይዞት ወጣና ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። "ገና ትንሽ ናት" አለ። "ሴትየዋ ዛሬውኑ መድኃኒት ትጀምራለች። ትድናለች።"

ጋሽ ደቂቃ ከኋላው ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ ጫማው ውስጥ ጣቱ አሁንም ትመታለች። በእሱ ቆጠራ ፊልሙን ለማውጣት ገና አምሳ አራት ይቀረው ነበር።